ልጄን ከአጥቂ ወደ ተከላካይ አወረዱት፤ የሆኪ ተከላካይ መንገዱ ወዴት ነው?

የበኩር አባት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ሳነባችሁ ነበር። ዛሬ የራሴ ጉዳይ መጣ።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የበረዶ ሆኪ ይጫወታል። እስካሁን በክንፍ በኩል አጥቂ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት አሰልጣኙ ጠራውና «ከዛሬ ጀምሮ ተከላካይ ነህ» አለው። ለምን እንደሆነ አልነገረውም። ልጁ መኪና ውስጥ እስክንገባ ቻለው። በሩን እንደዘጋሁ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «አባዬ፣ ጎል ስለማላገባ ነው አይደል?» አለኝ። አንጀቴን በላው። የምመልስለት አጣሁ።

እኔ ሆኪን ያወቅኩት በእሱ ነው። ተከላካይ ምን እንደሚሠራ እንኳ በቅጡ አላውቅም። አንድ ተከላካይ ከልጅነቱ ተነስቶ ፕሮፌሽናል እስኪሆን የሚሄድበት መንገድ ምን ይመስላል? ከአጥቂው ይለያል? የልጄ ሕልም ኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካው ታላቁ የሆኪ ሊግ፣ ነው። ይሄ ነገር ሕልሙን አጠበበው ወይስ አሰፋው? የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ አትንፈጉኝ።

ሰማያዊ መስመር

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። በመጀመሪያ ርዕስህ ላይ ያለችውን «አወረዱት» የምትለዋን ቃል ተዋት። ልጁም ካንተ አፍ እንዳይሰማት። ተከላካይነት ዝቅ ያለ ቦታ አይደለም።

በአንድ የኤንኤችኤል ጨዋታ አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ 12 አጥቂ፣ 6 ተከላካይና 2 በረኛ ይዞ ይገባል። ስድስቱ ተከላካዮች ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ጥንድ ይከፈላሉ። 60 ደቂቃውን የሚካፈሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጎበዝ ተከላካይ በረዶው ላይ ከአጥቂዎቹ በላይ ይቆያል። የመጀመሪያው ጥንድ በአንድ ጨዋታ 24፣ 25 ደቂቃ መጫወቱ የተለመደ ነው። እሱም በአንድ ጊዜ አይደለም። ገብቶ 45 ሰከንድ ያህል በሙሉ ጉልበቱ ይጫወታል፣ ይወጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ይመለሳል። አሰልጣኝ ይህን ሁሉ ደቂቃ የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው።

ቦታ መቀየርም አዲስ ነገር አይደለም። ብሬንት በርንስን እይ። ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ድራፍት፣ ሚኒሶታ በ2003 (እዚህ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በ20ኛ ተራ ሲመርጠው አጥቂ ነበር። ተከላካይ ያደረጉት ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላ ነው። ሳን ሆዜ ሲሄድ መልሰው አጥቂ አደረጉት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ተከላካይ። በ2017 ለዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የኖሪስ ዋንጫ ወሰደ። ያኔ 32 ዓመቱ ነበር።

32 ዓመቷን ያዝልኝ፣ ዋናው ነገር እዚያ ላይ ነውና። ተከላካይ የሚበስለው ዘግይቶ ነው። አጥቂ ቢሳሳት ከኋላው ሰው አለው። ተከላካይ ሲሳሳት ከኋላው ያለው በረኛው ብቻ ነው። ስህተቱ ወዲያው ጎል ሆኖ ይቆጠርበታል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ይህን ሥራ ለመልመድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያንኑ ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ማን ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚወጣበት፣ መቼ ዝም ብሎ እንደሚጠብቅ። አሰልጣኞች አንድ ተከላካይ ማንነቱ የሚለየው ሁለትና ሦስት መቶ ጨዋታ በታላቁ ሊግ ከተጫወተ በኋላ ነው ሲሉ ትሰማለህ።

ኒክላስ ሊድስትሮምን ውሰድ። ስዊድናዊ ነው። ዲትሮይት በ1989 በ53ኛ ተራ መረጠው። ወዲያው አልሄደም። ሁለት ዓመት አገሩ ቬስቴሮስ ተጫውቶ በ1991 ነው የተሻገረው። ከዚያ 20 የውድድር ዘመን፣ 1,564 ጨዋታ፣ ሁሉም በአንድ ማሊያ። የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አራት ጊዜ አነሳ። የኖሪስን ዋንጫ ሰባት ጊዜ ወሰደ። የመጀመሪያዋን ሲወስድ ስንት ዓመቱ ነበር? 31። ሰባቱንም የወሰደው ብዙ ተጫዋች ጫማውን መስቀል በሚጀምርበት ዕድሜ ነው ማለት ነው።

ማርክ ጆርዳኖ ደግሞ ጭራሽ በድራፍት ያልተመረጠ ልጅ ነበር። ካልጋሪ ጋር ውል ቢፈራርምም ቦታው አልረጋለት ሲል በ2007 ሞስኮ ሄዶ አንድ ዓመት ለዲናሞ ተጫወተ። ተመልሶ መጣ፣ የካልጋሪ አምበል ሆነ፣ በ2019 ኖሪስን አነሳ። በ35 ዓመቱ!

ስለዚህ በ14 ዓመቱ ስለ ልጅህ የሚነገርህን ሁሉ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በልኩ ስማው።

ቁጥር ወዳድ

ሰማያዊ መስመር የጻፍከውን ወድጄዋለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርካቸው። ቀድመው የበሰሉም አሉ።

ቦቢ ኦር የመጀመሪያውን ኖሪስ የወሰደው በ20 ዓመቱ ነው። ከዚያ ሳያቋርጥ ስምንት ዓመት፣ ከ1968 እስከ 1975። ኬል ማካር በ2017 በ4ኛ ተራ ተመርጦ ሁለት ዓመት ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። በሚያዝያ 2019 የኮሌጆቹን የፍጻሜ ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በኤንኤችኤል የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ለኮሎራዶ ተሰለፈ። በዚያው በመጀመሪያ ጨዋታው ጎል አገባ። በ2022 ስታንሊ ካፕን፣ ኖሪስንና የጥሎ ማለፉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት በአንድ ዓመት ጠራርጎ ወሰደ። 23 ዓመቱ ነበር። ሌን ሃትሰንም አለ፤ ሰውነቱ ትንሽ ነው ብለው ዝቅ አድርገው በ62ኛ ተራ መረጡት፣ በ2025 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ።

ሌላም ነገር አለ፣ አባት ሊያውቀው ይገባል። ኤንኤችኤል ውስጥ 32 ቡድን አለ። ስድስት ስድስት ተከላካይ ብንል በአንድ ምሽት በመላው ዓለም 192 ወንበር ብቻ ነው ያለው። በየዓመቱ በድራፍቱ ሰባት ዙር 224 ልጆች ይመረጣሉ። ያንን የሚሹ ስዊድናዊው፣ ፊንላንዳዊው፣ ቼኩ፣ ሩሲያዊው፣ አሜሪካዊው፣ ካናዳዊው ሁሉ ናቸው። ከተመረጡት ብዙዎቹ እንኳ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይጫወቱ ይቀራሉ። ልጁ ሕልሙን ይያዝ። እናንተ ወላጆች ግን ቁጥሩን አትርሱ።

ሰማያዊ መስመር

ቁጥር ወዳድ፣ በሁለተኛው ላይ እስማማለሁ። በመጀመሪያው ግን ኦርንና ማካርን ለመለኪያ ማምጣት ልክ አይመስለኝም። በአንድ ትውልድ አንድ ሁለት ሰው ነው እንደነሱ የሚገኘው። የ14 ዓመት ልጅ ራሱን ከነሱ ጋር ካስተያየ በ16 ዓመቱ ተስፋ ቆርጦ ያቆማል።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ

ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ዓመታት ታዳጊ ተከላካዮችን አሠልጥኛለሁ። አሰልጣኙ ምክንያቱን ለልጁ ሳይነግረው መቅረቱ አሳዝኖኛል። ይህ መሆን አልነበረበትም። አባት፣ ሄደው በትህትና ይጠይቁት። መልሱ «ወደ ኋላ ጥሩ ይንሸራተታል» ወይም «ጨዋታውን ያነባል» ቢሆን አይገርመኝም። አጥቂ የነበረ ልጅ ፓክ (በኳስ ፈንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ይዞ አይደነግጥም፣ ዛሬ ደግሞ የሚፈለገው ያ ነው።

ለምን ዛሬ? ድሮ ተከላካይ ሲባል ግዙፍ፣ የሚገጭ፣ በስቲኩ፣ በመምቻ ዱላው፣ አጥቂውን ጠልፎ የሚያቆም ሰው ማለት ነበር። በ2004 እና 2005 መካከል በሥራ ክርክር ምክንያት አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተሰረዘ። ሊጉ ሲመለስ መጥለፍና መያዝ ላይ ዳኞች እንዲጨክኑ ተደረገ። ከራስ ክልል መሃል ሜዳውን አልፎ የሚሄድ ረጅም ኳስም ተፈቀደ፤ ኳስ ያልኩት ፓኩን ነው። በዚያ ምክንያት ቀርፋፋው ግዙፍ ሰው ድንገት መከራ ውስጥ ገባ። ፈጥኖ የሚንሸራተትና ከጓሮው አንስቶ ንጹሕ ፓክ የሚያቀብል ተከላካይ ገበያው ጨመረ። የሃትሰን ዓይነት ልጅ ዛሬ ቦታ ያገኘው በዚህ ነው።

ልጅዎ ላይ ምን ልይ? ካሉኝ አንድ ነገር ብቻ እነግርዎታለሁ።

ተጋጣሚ ፓኩን ወደ እናንተ ጥግ ወርውሮ ሲሮጥ ልጅዎ ዞሮ ሊያነሳው ይሄዳል። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። ከኋላው የመንሸራተቻ ጫማ በረዶውን ሲቧጥጥ ይሰማዋል፣ ድምፁ እየቀረበ ነው። ጀማሪ ልጅ በዚህ ሰዓት ዓይኑን ፓኩ ላይ ተክሎ ይሄዳል። የተማረው ልጅ ግን ፓኩ ጋ ከመድረሱ በፊት አንገቱን በትከሻው ላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ያያል። አንዴ፣ ሁለቴ። የሚያሳድደው በግራ ነው በቀኝ? ጓደኛዬ የት ቆሟል? ስለዚህ ፓኩን ሲነካ ወዴት እንደሚሰደው ወስኖ ጨርሷል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። መልማዮች ትሪቡን ላይ ተቀምጠው የሚቆጥሩት ይህን ነው፤ ሁለቴ አየ፣ አንዴ አየ፣ ጭራሽ አላየም።

ደኅንነቱም እዚያው ላይ ነው። በካናዳም በአሜሪካም በሰውነት መግጨት የሚፈቀደው ከ13 እና 14 ዓመት ግድም ጀምሮ ነው። ልጅዎ አሁን እዚያ ዕድሜ ላይ ነው። ወደ ግድግዳው ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ እንዳይገባ ንገሩት። በጎን ይግባ፣ ቀና ይበል።

ሌላው ልምምድ ነው። ወደ ኋላ መንሸራተት፣ ሳይቆሙ ከኋላ ወደ ፊት መዞር፣ ከአጥቂው ጋር ያለውን ርቀት መጠበቅ፣ ስቲኩን ሁልጊዜ በረዶ ላይ ማድረግ። የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም፣ የሚገኘው በመደጋገም ነው።

የበኩር አባት

ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «አወረዱት» የምትለዋን ከቤታችን አውጥቻታለሁ፣ ርዕሱን ግን መቀየር አልቻልኩም፣ ሲስተሙ አይፈቅድም።

አሰልጣኙንም ጠየቅኩት። «ልጅህ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አጥቂ ሆኖ ሦስት ጎል ከመስመር ላይ አድኗል» አለኝ። ይህን ለልጁ ስነግረው ፊቱ ሲለወጥ ብታዩት! እራቱን እንኳ ሳይጨርስ ሄዶ ስቲኩን በአዲስ ቴፕ ጠቀለለ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄዬ። ከዚህ በኋላ ያሉት በሮች የትኞቹ ናቸው? አንዱ ጁኒየር ይለኛል፣ ሌላው ኮሌጅ ይለኛል፣ አንዱን ከመረጥክ ሌላው ይዘጋል ይላሉ።

ጁኒየር የተጫወተ

ጋሼ፣ እኔ ተከላካይ ሆኜ በካናዳ ጁኒየር ሊግ ተጫውቻለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርዎት።

ካናዳ ውስጥ ሦስት ታላላቅ የጁኒየር ሊጎች አሉ፤ የኦንታሪዮ፣ የምዕራብና የኩቤክ። ዕድሜው ባብዛኛው ከ16 እስከ 20 ነው። ልጅ በ16 ዓመቱ ከቤት ይወጣል። የሚያድረው በማያውቀው ቤተሰብ ቤት ነው፣ በአውቶቡስ ሌሊት ሌሊት ይጓዛል፣ በ68 ጨዋታ መሃል የትምህርት ቤት ፈተና ይፈተናል። በአሜሪካ በኩል ደግሞ ዩኤስኤችኤል የሚባል የጁኒየር ሊግ አለ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ።

«አንዱ ከተመረጠ ሌላው ይዘጋል» የሚሉት እስከ ቅርብ ጊዜ እውነት ነበር። በካናዳ ጁኒየር የተጫወተ ልጅ በአሜሪካ ኮሌጆች የመጀመሪያ ዲቪዚዮን መጫወት አይችልም ነበር። ያ ሕግ በኅዳር 2024 ተነሳ፣ ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። አሁን ልጅዎ ጁኒየር ተጫውቶ ኮሌጅ መግባት ይችላል። ለተከላካይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለምን ቢሉ ኮሌጅ እስከ 22፣ 23 ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። ዘግይቶ ለሚበስል ሰው ጊዜ ወርቅ ነው።

የኔን ታሪክ ደግሞ ልንገርዎት። 19 ዓመቴ ነበር። የውድድሩ አጋማሽ ላይ፣ ማለዳ፣ ልምምድ ስገባ ሳጥኔ ላይ ስሜ ተነስቷል። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ከእኔ ይልቅ ቡድኑ አዲስ ተከላካይ መምጣቱን ዕቃ ጠባቂው ቀድሞ ያውቅ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና አሳዳሪ እናቴ ወጥ ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ። ቅስሜ ተሰብሮ ነበር። እስከዛሬ ሳስበው ያመኛል፣ በተለይ ቀድመው ሳይነግሩኝ መቅረታቸው።

ግን አንድ ነገር ተርፎኛል። በጁኒየር ሊጎቹ አንድ የውድድር ዘመን ለተጫወቱበት ሊጉ የአንድ ዓመት የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ሦስት ዓመት ተጫውቼ ነበር፣ በዚያ ተማርኩ። ስለዚህ ልጅዎ ወረቀት ሲፈርም ስለ ትምህርቱ የተጻፈውን አንቀጽ እርስዎ ራስዎ ያንብቡት። ማለቂያ ቀን አለው፣ ሁኔታ አለው። በቃል የተነገረውን አይመኑ።

የኮከብ እናት

ልጄ ጁኒየር የተጫወተው፣ ስላለፈብህ ነገር አዝናለሁ። እናት ነኝና ያች አሳዳሪህ ምን እንደተሰማት ይገባኛል።

የበኩር አባት፣ እኔ ሴት ልጅ ነው ያለችኝ፣ 12 ዓመቷ ነው፣ እሷም ተከላካይ ናት። እዚህ ክር ላይ ሁሉ የወንዶቹ ነው የሚወራው፣ የሴቶቹም መንገድ አሁን አለ። ፕሮፌሽናል የሴቶች ሊግ ጥር 1 ቀን 2024 ቶሮንቶ ላይ ተጀመረ፣ ኒውዮርክ 4 ለ 0 አሸነፈች። የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ማን አገባች? ኤላ ሼልተን፣ ተከላካይ! ልጄ ያን ምሽት ሶፋው ላይ ቆማ ነበር የምታየው። በስድስት ቡድን ተጀምሮ በ2025 ቫንኩቨርና ሲያትል ተጨምረው ስምንት ሆኑ። ለሴቶቹ ዋናው በር ኮሌጅ ነው።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ስለ ጉዳት ማንም አላነሳም። ተከላካይ እኮ የሚመታ ፓክ ፊት ነው የሚተኛው!

የጉልበት ሐኪም

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ስለ ሙያዬ ዝርዝር አልገባም፣ በአደባባይ የሚታወቀውን ብቻ ልበል።

ቦቢ ኦርን ሁሉም ያሞግሰዋል። የጨረሰው ግን በ30 ዓመቱ ነው። በ1978፣ ከ657 ጨዋታ በኋላ፣ ግራ ጉልበቱ ደጋግሞ ተቀዶ። የዛሬው የጉልበት ቀዶ ጥገና በዘመኑ ቢኖር ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ። ክሪስ ፕሮንገር በ2011 የተጋጣሚ ስቲክ ዓይኑን መታው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ከበረዶው እንደወጣ ቀረ። ዛሬ ወደ ሊጉ የሚገባ ተጫዋች ሁሉ የዓይን መከለያ ማድረግ ግዴታው የሆነው ከ2013 ጀምሮ ነው። ፕሮንገር እንዲያ ያለ መከለያ አላደረገም ነበር።

ተከላካይን የሚጎዳው የተመታ ፓክን ማገድ፣ ጥግ ላይ መገጨትና የጭንቅላት ምት ነው። ከሦስቱ የማልታገሠው የመጨረሻውን ነው። ልጅ ከተመታ በኋላ ካዞረው፣ ብርሃን ካስጠላው፣ ያን ቀን ጨዋታው አብቅቷል። አሰልጣኝ «ደህና ነው» ቢልም፣ ልጁ ራሱ «ደህና ነኝ» ቢልም። እዚህ ላይ አባትና እናት ክፉ መሆን አለባቸው።

ሰማያዊ መስመር

ሐኪሙ እውነት ብሏል። ግን ረጅም የተጓዙትም ተከላካዮች ናቸው። ክሪስ ቼሊዮስ እስከ 48 ዓመቱ ተጫውቷል። ዝዴኖ ቻራ 1,680 ጨዋታ ተጫውቶ ነው ያቆመው፣ ከእሱ በላይ የተጫወተ ተከላካይ የለም። የስሎቫኪያዋ ትሬንቺን ልጅ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ነው፣ ይህ ሁሉ ቁመት በልጅነቱ ዕዳ ነበር። በ1996 በ56ኛ ተራ ተመረጠ፣ ከዚያ ቋንቋ ሳያውቅ ካናዳ ፕሪንስ ጆርጅ ሄዶ ጁኒየር ተጫወተ፣ ከዚያ በታችኛው ሊግ። ኖሪስን በ32 ዓመቱ አገኘ፣ በ2011 ቦስተንን በአምበልነት እየመራ ዋንጫ አነሳ።

ስለ መሃሉ ጎዳና ልጨምር፣ ሰው የማያወራው እሱን ነው። ልጅ በ18 ዓመቱ ተመረጠ እንበል። የመጀመሪያው ውል ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። በ18 ወይም 19 ዓመቱ ቡድኑ እስከ 9 ጨዋታ ድረስ ሊሞክረው ይችላል። 10ኛውን ከተጫወተ የውሉ ዓመት መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ከዘጠነኛው ጨዋታ በኋላ ስልክ የሚጠብቅ ልጅ እንቅልፍ የለውም። ብዙው ተከላካይ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ኤኤችኤል ይወርዳል። ይህ ውርደት አይደለም። ከኤንኤችኤል ተጫዋቾች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በዚያ ያለፉ ናቸው። አውሮፓ የሚሄድም አለ። ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ስዊዘርላንድና ጀርመን ጥሩ ሊግ አላቸው፣ ኑሮም አለ።

ክፍያው? በ2025 እና 26 የውድድር ዘመን የኤንኤችኤል ዝቅተኛው ደመወዝ 775,000 ዶላር ነበር። ግን ውሉ ሁለት ዋጋ ያለው ከሆነ ከታች ያለበት ቀን የሚከፈለው ሌላ፣ በጣም ያነሰ ነው። ሻንጣው ሁልጊዜ በር ላይ ነው። የላይኛው ቡድን ተከላካይ ቁርጭምጭሚቱን ሲመታ ይጠራል፣ ያ ሰው ሲድን ይመለሳል። እንደዚህ ሦስትና አራት ዓመት የኖሩ አሉ። ክለቡን ራሱ መርጦ በነጻ የሚፈርምበት ዕድሜ 27 ነው፣ ወይም ሰባት የውድድር ዘመን ሲሞላው።

ቁጥር ወዳድ

እዚህ ላይ ፒኬ ሱባንን ላንሳ። ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከካሪቢያን የመጡ ጥቁር ተከላካይ ነው። አባቱ የትምህርት ቤት ሰው ነበር። ሌሊት ከሥራ ወጥቶ ሕፃኑን ልጁን ከተማው አደባባይ ላይ ወዳለው በረዶ ይወስደው ነበር። ሞንትሪያል በ2007 በ43ኛ ተራ መረጠው። ጁኒየሩን ቤልቪል ጨርሶ፣ ሃሚልተን ኤኤችኤል ተጫውቶ ነው የወጣው። በ2013 ኖሪስን ወሰደ፣ በ2014 የስምንት ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፣ በ2015 ለሞንትሪያል የሕፃናት ሆስፒታል 10 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገባ። በሰኔ 2016 በሌላ ተጫዋች ለውጠው ወደ ናሽቪል ላኩት! በአንድ ከሰዓት። በ33 ዓመቱ አቆመ። ከፍተኛው ቦታ ላይ ደርሰህም ቤትህ የአንተ አይደለም። ይህንን ሳውቅ ነው ሊድስትሮም በአንድ ማሊያ 20 ዓመት መቆየቱ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የገባኝ።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ

አንድ የረሳሁት። አባት፣ ልጅዎ ስቲኩን በየት በኩል ነው የሚይዘው? ቀኝ መቺ ነው ግራ?

የበኩር አባት

ቀኝ መቺ ነው። ምን ለውጥ አለው?

የታዳጊዎች አሰልጣኝ

ትልቅ ለውጥ አለው። አብዛኛው ተከላካይ ግራ መቺ ነው፣ ቡድን ግን በቀኝ በኩል ቀኝ መቺ ይፈልጋል። ግድግዳው አጠገብ ቀኝ መቺው ፓኩን በስቲኩ የፊት ገጽ ተቀብሎ ወዲያው ያቀብላል፣ ግራ መቺው በጀርባ ገጽ ነው የሚታገለው። ስለዚህ ቀኝ መቺ ተከላካይ በየሊጉ ይፈለጋል። በቀኝ ይጫወት። ግን ልምምድ ላይ አልፎ አልፎ ግራውንም ያስለምዱት። አሰልጣኝ ሁለቱንም የሚችል ልጅ አያስቀምጥም።

የኮከብ እናት

የበኩር አባት፣ የመጀመሪያ ጨዋታው መቼ ነው? ንገረን እንጂ!

የበኩር አባት

እህቴ፣ ቅዳሜ ነበር። ይቅርታ፣ ዘገየሁ።

4 ለ 2 ተሸነፉ። አንዱ ጎል በእሱ ስህተት ነው የገባው። መሃል ላይ ሊያቀብል ሲል ተነጠቀ፣ አጥቂው ብቻውን ሄዶ አገባ። ሰው ሁሉ አየው፣ ልክ እንዳላችሁት። አሰልጣኙ አላስወጣውም፣ ቀጣዩንም ዙር አስገባው። ደስ ያለኝ ያ ነው። መኪና ውስጥ ግን ዝም ብሎ ነበር።

ማታ አብረን የሊድስትሮምን የድሮ ጨዋታዎች ከፈትን። አሥር ደቂቃ ያህል ካየ በኋላ «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ለምን አይሮጥም?» አለኝ። የምለው አላወቅኩም፣ «አንተ ፈልግ» አልኩት። አንዱን ቦታ መልሶ መልሶ አየው። ሊድስትሮም ጥግ ላይ ፓክ ሊያነሳ ሲሄድ ነው። ሦስተኛው ላይ ቪዲዮውን አቆመና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። «እየው፣ ገና ሳይደርስ ዞሮ አየ» አለ። ከዚያ ዛሬ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ሳደርሰው፣ ከመኪናው ወርዶ ጥቂት እርምጃ ሄደና አንገቱን በትከሻው ላይ አሻግሮ አየኝ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። እየሳቀ ገባ።